ለሰዓዳ የተተከለው ባህር ዛፍ

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

ባህር ዛፍ ነው የተከሉት።

አህመድ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቶሎ አልተመለሰም። ከሰዓት በኋላ፣ አሱር ሲቃረብ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ተከልንላት» አለኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም። ቆሜ አየሁት።

የቅሬያችን፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ወንዶች ከመስጊድ እንደወጡ ወደ ኢጀርሳ ተራራ ወጥተዋል። ልጃችን ሰዓዳ ትሠራበት ወደነበረው ጥብቅ ስፍራ። ምንጩን ከበው ችግኝ ተከሉላት፣ ዱዓ አደረጉ፣ ወረዱ። ሰደቃ ጃሪያ ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላም አጅሩ የማይቋረጥ ሰደቃ። ዛፉ እስከቆመ ድረስ ምንዳው ለእሷ ይደርሳል።

«የምን ችግኝ?» አልኩት።

«ባህር ዛፍ።»

«ማን መረጠው?»

«ሸህ እንድሪስ ናቸው።» ሸህ እንድሪስ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። «ከጨፋ ሮቢት ራሳቸው ገዝተው፣ በራሳቸው አህያ ጭነው አመጡት። ምን አሉ መሰለሽ? ኢጀርሳ ብንተክልላት እናቷ ሳታየው ትሞታለች። ባህር ዛፍ ግን ሁለት ክረምት ሳይሞላው ከቤት ይበልጣል። ሉባባ ቶሎ ሲያድግ ትየው አሉ።»

ኢጀርሳ ወይራ ነው። ተራራው ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። እውነት ነው፣ አዝጋሚ ዛፍ ነው።

ውሃ አሞቅሁለት። እግሩን ታጠበ። ጭቃው ቀይ ነው፣ የምንጩ አካባቢ ጭቃ።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሠራሁት፦ ጥሬ ለቀምኩ። በረት ጠረግሁ። ልብስ አጥቤ ሰጣሁ፣ ዝናብ መጣበት፣ አላነሳሁትም። እንደገና እንዲታጠብ ተውኩት።

ጎረቤቴ ዚነት መጣች። ከአጥሩ ማዶ «አካም ጂርታ፣ ሐዳ ሰዓዳ!» ብላ ነው የምትገባ። ሐዳ ሰዓዳ ማለት የሰዓዳ እናት ማለት ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። ከግንቦት ወዲህ አንዳንዶቹ ስሙ አፋቸው ላይ ሲደርስ ይደናገጣሉ፣ ሉባባ ይሉኛል። ዚነት አልተወችውም።

«ሰማሁ እኮ» አለች። «ጫካ ተተከለልሽ! የእኔዎቹ ስሞት የጎመን መደብ እንኳ አይተክሉልኝ። ጎመኑንም ሳልቀበር ይበሉታል።»

ፊቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ስለ ዛፉ ምንም አልነገርኳትም። ለዚነት የተነገረ ነገር ከምሳ በፊት ከሚሴ ይደርሳል።

እዚህ ልጻፈው። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ያ ምንጭ ዓመቱን ሙሉ ይፈስ ነበር። ከዚያ ሰው ለመሸጥ ብሎ ዙሪያውን ባህር ዛፍ ተከለበት። እኛም ተክለናል። ዛፉ ሲያድግ ምንጩ ቀጠነ፣ በጋ በጋ ጨርሶ መድረቅ ጀመረ። ጀሪካን ተሸክመን እስከ ቦርከና ወንዝ እንወርድ ነበር፤ ሰዓዳ በልጅነቷ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። በኋላ ተራራው ተከለለ። ባህር ዛፉ ተቆረጠ፣ ጉቶው ሳይቀር ተነቀለ። ውሃው ወዲያው አልተመለሰም። ቀስ እያለ፣ እንደ ታመመ ሰው ቀስ እያለ ተመለሰ። አሁን የመንደራችን ቦኖ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሰዓዳ ኮምቦልቻ ተምራ ስትመለስ እዚያው ጥብቁ ላይ ተቀጠረች። ሥራዋ ልጆች ማስተማር ነው። ከየትምህርት ቤቱ ይመጡላታል። ምንጩ ዳር ታቆማቸውና አንድ ባልዲ ውሃ ታመጣለች። ለአንዱ ልጅ ትልቅ ጣሳ፣ ለሌላው ስኒ ትሰጠዋለች። ጣሳ የያዘው ባህር ዛፍ ነው፣ ስኒ የያዘው ኢጀርሳ ነው። «ጠጡ!» ትላለች። ልጆቹ እየሳቁ ባልዲው ያልቃል። ከዚያ ለከብቱ ምን ቀረ፣ ለእናታችሁ ምን ቀረ ትላቸዋለች። መጀመሪያ እኔና አባቷ ላይ ነበር የተለማመደችው። አባቷ ስኒ ደረሰው፣ ተኮሳተረባት።

በግንቦት ከጨፋ ሮቢት ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

አህመድ ዛሬ ሰንበቴ ገበያ መሄድ ነበረበት። የሚሸጣቸው ፍየሎች ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጠብቁት ነው። አልሄደም። በማለዳ ገጀራውን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። እሾህ ቆርጦ ለእያንዳንዱ ችግኝ አጥር ሲሠራ ዋለ።

ሲመለስ አወራ። ሚዳቋ ትበላዋለች ብዬ ነው አለ። አንደኛው ችግኝ ዘንበል ብሎ ነበር፣ በእንጨት ደገፍኩት አለ። ጥበቃው ሻይ አጠጣኝ አለ። ጉሬዛ አየሁ፣ ልጇን አዝላ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል አለ። ራቱን በልቶ ጨመረ።

ከተቀበረች ወዲህ እንዲህ አውርቶ አያውቅም። በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ነው የሚውለው።

«ነገ አብረሽኝ ውጪ» አለኝ።

«ጉልበቴ ያመኛል» አልኩት። ጉልበቴን አያመኝም።

ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሳህኑን እስከ ታች ጠርጎ ሲበላ ሳየው ተውኩት።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ሙሉጌታ መጣ። የጥብቁ ኃላፊ ነው፣ የደሴ ልጅ። ጫማውን ውጭ አውልቆ ገባ። ካልሲው ረጥቧል። አህመድ አልነበረም፤ ሙሉጌታም እሱ እንደሌለ አይቶ የመጣ ይመስለኛል።

«እትዬ ሉባባ፣ ዓርብ ዕለት ስብሰባ ሄጄ ነበር» አለ። «ጥበቃው ብቻውን ነው የነበረው። የቅሬ ሰው በሙሉ ሲወጣበት ምን ብሎ ይመልስ?»

«አይተኸዋል?»

«ትናንት አየሁት። ልክ ምንጩ ዓይን ላይ ነው እኮ።»

«ታዲያ ንቀለዋ» አልኩት።

እጁን አፋተገ። «እኔ ብነቅለው ነገ እሳት ቢነሳ ማን ይወጣልኛል? ተራራውን የሚጠብቁት የእኔ ጥበቃዎች ይመስሉዎታል? ቅሬው ነው። እንጨት የቆረጠውን የሚቀጣው ቅሬው፣ ከብት ያስገባውን የሚቀጣው ቅሬው። እነሱ ካኮረፉ በአንድ በጋ እናልቃለን።»

ልክ ነው። ልክ መሆኑ አናደደኝ። ለመናደድም ሩቅ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው የተናደደ ይመስለኝ ነበር።

«የሚመጣው ሰኞ የክረምት ተማሪዎች ይመጣሉ» አለ። «ሰዓዳ የያዘችላቸው ቀጠሮ ነው። የባልዲውን ትምህርት እዚያው ምንጩ ጋ ላስተምራቸው ነበር። በእሾህ የታጠረ ባህር ዛፍ መሃል አቁሜ ምን ልበላቸው?» ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ «እርስዎ ቢናገሩ ይሰሙዎታል» አለኝ።

«የልጄን ሬሳ የተሸከመውን ሰው ስጦታህን ንቀል ልበለው?»

ረጥቦ የመጣው ካልሲው ምንጣፉ ላይ ዱካ ተወ።

ቅሬ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሲሞት ሁሉም ሥራውን ትቶ ይመጣል። ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ያድራል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት የሚያነሳው የለም። በሕይወት እያለም እሳት ለመጫር የሚገባበት ቤት የለውም። ሰዓዳን ያመጧት ቀን እኔ መቆም እንኳ አልቻልኩም። ሁሉንም ያደረጉት እነሱ ናቸው።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ወጣሁ።

አህመድ ከመነሳቱ በፊት ነው የሄድኩት። ጭጋግ ነበር። በሩ ላይ ጥበቃው አወቀኝና ተነስቶ አሳለፈኝ። ልጆቹ የሚማሩበት ሳር ክዳን አዳራሽ ተዘግቷል። ግድግዳው ላይ የወፎች ሥዕል አለ። ሰዓዳ ቀለሙን ቤት ይዛው መጥታ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሰማያዊው ደርቆ ውሃ አምጪ እማ ብላኝ ነበር።

መንገዱ አድጧል። ኢጀርሳዎቹ ውሃ ያንጠባጥባሉ። ግንዳቸው የተጠማዘዘ ነው፣ አንዳንዱ ውስጡ ክፍት ነው። ከእኔም ከእናቴም በፊት የነበሩ ናቸው። ጥዱም አለ። ሳሩ ወገብ ይደርሳል፤ በመስከረም ተራ ተራ እየታጨደ ለየቤቱ ይከፋፈላል።

ምንጩ ጋ ደረስኩ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። አላለቀስኩም። እንደ ማንኛውም ቦታ ቆምኩ።

ችግኞቹ ትንንሽ ናቸው። ቅጠላቸው ለጋ ነው፣ ብርማ ነው። ያምራሉ። ለእያንዳንዱ የአህመድ እሾህ አጥር አለው፤ እሾሁ እንኳ እንዳይወጋው ወደ ውጭ ተደርጎ ነው የታጠረው። አፈሩን በእጁ ጠቅጥቆታል፣ የጣቶቹ ምልክት አለ። አንደኛው በእውነትም በእንጨት ተደግፏል።

ችግኞቹ የመጡበት ጥቁር ላስቲክ እዚያው ተጥሏል። ሰዓዳ ብታየው ትጮህ ነበር። ለቀምኩት፣ ጠቅልዬ በሻርፔ ቋጠርኩት። ያን ያህሉን ሠራሁ።

አንድ ቅጠል አሽቼ አሸተትኩ። ያንን ሽታ እወደዋለሁ። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠንበት ነው።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው፤ ለማንም አልናገረውም። ቢያድግ እወዳለሁ። ከበራፌ ቆሜ ቀና ብል ይታየኛል። በሚቀጥለው ክረምት ከእኔ ይበልጣል። በዚያኛው ክረምት ከሩቅ የመጣ ሰው ያ ምንድነው ይላል፣ የሰዓዳ ነው እለዋለሁ። ሸህ እንድሪስ ልቤን አውቀውታል። ምንጩ ቢደርቅስ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ይድረቅ የሚል ነገር ውስጤ መለሰልኝ። ፈራሁት።

ወረድኩ። አህመድ በር ላይ ነበር። «ጉልበትሽ ተሻለው?» አለኝ። «ተሻለው» አልኩ።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ነገርኩት።

ቁርስ ላይ ነበርን። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅሁ የመጨረሻውን አስቀድሜ ተናገርኩ። «አህመድ፣ ዛፎቹ መነቀል አለባቸው።»

መጀመሪያ ሙሉጌታ ነው የላከሽ አለ። አይደለም አልኩት። ባልዲውን ረሳኸው ወይ አልኩት። ስኒው ያንተ ነበር አልኩት።

«አልረሳሁም» አለኝ። ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር። «ሲተክሉም አስታውሼዋለሁ። ሁሉም እየቆፈረ፣ ሁሉም ስሟን እየጠራ፣ እኔ አይሆንም ልበላቸው? አልቻልኩም። ከዚያ ደግሞ ወደድኩት።»

«እኔም ወድጄዋለሁ» አልኩት።

«ታዲያስ! አጅሯን ልትነቅይባት ነው?»

ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። ዝም ስል የተሸነፍኩ መሰለው። ተነስቶ ወጣ። ወደ ተራራው አይደለም የሄደው፣ ወደ ሮቢት መንገድ ነው። ቁርሱን አልነካውም። እኔም አልነካሁትም፤ ለዶሮ ሰጠሁት።

ማታ መጣ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አልተነጋገርንም። ጨው አቀብዪኝ አለኝ፣ አቀበልኩት።

አጅሯን የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ስፈጭም፣ ስጠርግም፣ ስሰግድም። ሱጁድ ላይ ሆኜ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ ጠፋኝ። ያ ረቢ ብቻ ብዬ ተነሳሁ።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

ሸህ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት። ላስቲክ ደርቤ ነበር፣ ያም ሆኖ በስብሻለሁ።

መስኮት ስር ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሳያዩኝ በድምፄ አወቁኝ።

«ሉባባ! በዚህ ዝናብ የመጣሽው ልትመርቂኝ ነው ልትረግሚኝ?»

«ልመርቅዎ ነው፤ ከዚያ ደግሞ አላውቅም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ምርቃቱን አስቀድሚ፣ ሁለተኛው ሲመጣ ስንቅ ይሆነኛል።»

አመሰገንኳቸው። ጀዛከላህ ኸይር አልኩ፣ ለሰዓዳ ላደረጋችሁት፣ ለእኔ ላሰባችሁት። ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ ስለ ምንጩ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ሙስበሃው ቆመ።

«ችግኙን ጠላሽው?»

«አልጠላሁትም። ወድጄዋለሁ። የቸገረኝም እሱ ነው።»

«ሰዓዳ…» አሉና ሳቁ። «ለእኔም ነግራኛለች፣ ወላሂ። ከጓሮዬ ያለውን አይታ፣ አባባ እንድሪስ ይህ ዛፍ ጠጪ ነው አለችኝ። ተይው ልጄ፣ በመስጊድ በኩል አላሳልፈውም አልኳት።» ሳቃቸው መሃል ላይ ቆመ። ፊታቸው ተለወጠ። «ረሳሁት» አሉ። «ሱብሃነላህ። እንዴት ረሳሁት? ቶሎ እንድታይው ብቻ ነው ያሰብኩት።»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ የዳኛ ድምፃቸውን አወጡ። «አሁን ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ሉባባ። በኒያ፣ ለእሷ ታስቦ ተተክሏል። በስሟ ዱዓ ተደርጎበታል። ቅሬው አንድ ጊዜ የሰጠውን ሰደቃ ንቀሉ ብዬ በምን አፌ ነው የምናገረው? አጅሩስ?»

ይኸው መጣ። ሐሙስን ሙሉ ያላገኘሁት መልስ እዚያ ላይ ወጣልኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ውሃ ያደረቀ ዛፍ አጅሩ ምንድነው?» አልኳቸው። «ዛፎቹ ካደጉ በኋላ፣ በበጋ፣ አንዲት ሴት ከቦኖው ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትመለስ የማንን ስም ነው የምታነሳው? የእርስዎን አታነሳም። የቅሬውንም አታነሳም። የሰዓዳ ዛፍ አደረቀው ነው የምትል። በየቀኑ ይባልባታል። ልጄ መሬት ውስጥ ሆና እሱ ነው እንዴ የሚደርሳት?»

ባለቤታቸው በጓዳው በር ብቅ ብላ ተመለሰች።

«እሑድ ለቅሬው አቀርበዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን እወቂው፣ የሚቆጣ ሰው አለ። እኔ ዳኛ ነኝ እንጂ ንጉሥ አይደለሁም። ከቅሬው ጋር ከተጣላሽ በኋላ ላስታርቅሽ አልችል ይሆናል።»

«እሺ» አልኩ።

ስወጣ አልመረቁኝም። ሁልጊዜ የሚመርቁ ሰው ናቸው። ተጎድተዋል። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ሙስበሃቸውን መቁጠር ጀመሩ።

ለአህመድ የሄድኩበትን ነገርኩት። አልመለሰልኝም።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

ቅሬው መስጊድ ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ሴት አይቀመጥም። የሆነውን የሰማሁት ከዚነት ነው፤ ባሏ ነግሯት፣ እሷ ደግሞ የእያንዳንዱን ድምፅ እያስመሰለች ነገረችኝ።

ሸህ እንድሪስ ነገሩን እኔ እንዳልኩት አቅርበዋል። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷ ነግራኝ ነበር ብለዋል። አንዱ ተነስቶ ሐዘን አእምሮዋን ነክቶታል፣ የሴትዮዋን ቃል አንያዝ አለ። ሌላው የቅሬን ስጦታ ለመለሰ ሰው ቅሬ ምን ይሠራለታል፣ ራሷን ችላ ትቅበር አለ። ዚነት ይህን ስትናገር ድምፅ አላስመሰለችም። ጣራ ጣራ እያየች ነው ቶሎ ብላ ያለፈችው።

ይህን ነበር የፈራሁት። ለእኔስ ግድ የለም። ለአህመድ ነው።

«ከዚያ ያንቺ ሰውዬ ተነሳ» አለች ዚነት።

«አህመድ?»

«አህመድ! በአሥር ዓመት አንዴ ቢናገር ነው እኮ። ተነስቶ፣ እኔ እነቅለዋለሁ አለ። ሌላ እጅ እንዳይነካው አለ። ሚስቴ ልክ ናት፣ እኔም ስትተክሉ አውቄ ዝም ብያለሁ፣ ጥፋት ካለ በእኔ ይሁን ብሎ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ዝም፣ ጭጭ!»

ከዚያ ሸህ እንድሪስ እንዲህ ወሰኑ። ችግኙ ከነአፈሩ ይነሳል። ከመቃብሩ በታች ያለው የቅሬው መሬት ላይ ይተከላል፤ እዚያ ውሃ የለም፣ የሚደርቅ ነገር የለም። ሲያድግ ለቀብር እንጨት ይሆናል። እስከ ዛሬ ለመቃብር የሚረበረብ እንጨት ስንገዛ ነው የኖርነው። ከእንግዲህ ለሞተ ሁሉ ከሰዓዳ ይሁንለት፣ ምንዳውም ለእሷ አሉ።

አንዳንዶቹ አሚን አሉ። አንዳንዶቹ ዱዓው ሳያልቅ ተነስተው ወጡ። ስንት እንደሆኑ ዚነትን አልጠየቅኋትም።

አህመድ ሲመጣ ከሰል እያቀጣጠልኩ ነበር። «ዶማው የታለ?» አለኝ። ከረቡዕ ወዲህ ከጨው ሌላ ያለኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ሐምሌ 29፣ ሰኞ

ማልደን ወጣን። እሱ ዶማና ጆንያ ያዘ፣ እኔ እንቅብ ያዝኩ። መንገድ ላይ ቀድሞኝ ይሄዳል፣ ሲያድጥ ቆም ብሎ እስክደርስ ይጠብቀኛል። ዞሮ አያይም። ይጠብቃል ብቻ።

መጀመሪያ እሾሁን አነሳ። ከዚያ ዙሪያውን በዶማ ቆፍሮ፣ በሁለት እጁ ከስር ገብቶ፣ አፈሩ ሳይፈርስ እንቅቡ ላይ ያስቀምጥልኛል። ልጅ እንደሚያቀብል ነው ያቀበለኝ። እኔ ጨርቅ እጠቀልልበታለሁ። ሁለቱ ሥራቸው ተበጠሰ፤ አይጸድቁም ይሆናል። አላለቀሰም፣ አላለቀስኩም። አንደኛው ላይ ሲደርስ ቁጭ ብሎ ትንሽ ቆየ። ያ የደገፈው ነው። ቁጭ አልኩ ከጎኑ። ተነሳ፣ ተነሳሁ።

ሙሉጌታ ከችግኝ ጣቢያው ኢጀርሳ ይዞ መጣ። ከስንዝር አይበልጥም፣ ቅጠሉ ጠቆር ያለ ጥቃቅን ነው። «ከውሃው ራቅ አድርገን፣ ያ ድንጋይ ጋ ብንተክለው» አለ። አህመድ አየው። «ይሄ ነው?» አለ። «ይሄ ነው» አለ ሙሉጌታ አፍሮ። አህመድ ቆፈረለት። ችግኙን እሱ አስገባ፣ አፈሩን እኔ መለስኩ።

ተማሪዎቹ በመኪና መጡ። ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚጮኹት። ምንጩን ሲያዩ ተሯሯጡ። ሙሉጌታ ባልዲ አወጣ፣ ጣሳውን ለአንዲት ቁጭ ለማትል ልጅ ሰጣት፤ ጠጪ ሳይላት ጠጣች፣ ፊቷ ላይ ደፋችው፣ ልጆቹ ሳቁ። ሲያስተምር ጥሩ አይደለም። ወረቀት ያያል፣ ይረሳል። ሰዓዳ እንደምታደርገው አላደረገውም። ግን ባልዲው ባዶ ሲሆን ልጆቹ ዝም አሉ። በእሷ ጊዜም እዚያ ላይ ዝም ይሉ ነበር።

እኔ እዚያ ሆኜ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር እንዲመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። የመጣው ድካም ነው። ድካሙ ግን የሠራ ሰው ድካም ነው።

ወርደን ችግኞቹን የቅሬው መሬት ላይ ተከልናቸው። ሸህ እንድሪስ አልመጡም። ከሌሎቹም ማንም አልመጣም። እሑድ ካኮረፉት አንዱ በመንገድ ሲያልፍ አየን፤ ሰላምታ አቀረብን፣ ዝናቡ ይሁን እሱ፣ መልስ አልሰማሁም። አህመድም እንዳልሰማ አውቃለሁ።

ቤት ገብተን ብዙም ሳንቆይ፣ መግሪብ ሲቃረብ፣ የቅሬው ለፋፊ ድምፅ ከላይ መንደር ተሰማ። ከአንድ በር ወደ ሌላው እየቀረበ መጣ። አሮጊቷ እማማ ከዲጃ አርፈዋል፣ ኢና ሊላሂ። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። የቆፋሪዎቹን ስም ይጠራል፣ ንፍሮ የሚቀቅሉትን ይጠራል። የዚነት በር ላይ ቆሞ እሷን ጠራ። ከዚያ እርምጃው ወደ እኛ መጣ። አህመድ ከተቀመጠበት ሳይነሳ አንገቱን ቀና አደረገ። የሚያልፈን መስሎኝ ነበር።

«አህመድ፣ የሰዓዳ አባት! ለመቆፈር!» አለ ለፋፊው። «ሐዳ ሰዓዳ! ንፍሮ!»

«ሰምተናል!» ብሎ አህመድ ጮኸ። ከሚያስፈልገው በላይ ነው የጮኸው።

ባቄላ ዘፍዝፌያለሁ። ነገ ሴቶቹ በምን ዓይን እንደሚያዩኝ አላውቅም። ማን አጠገቤ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚርቅ አላውቅም። ትልቁን ድስት ከዚነት መዋስ አለብኝ። አሁኑኑ ልሂድ፣ ሳትተኛ።